ዘንበል ባለ ሰሌዳ ላይ የሚወርድ ስስ ውሃ፦ ሞገዱንና የሙቀት ዝውውሩን ደረጃ በደረጃ መለካት

ወተት አትንነው ዱቄት በሚያደርጉና የፍራፍሬ ጭማቂ በሚያወፍሩ ፋብሪካዎች ውስጥ ፈሳሹ በረጃጅም ቱቦዎች ግድግዳ ላይ፣ ብዙ ጊዜ ከ1 ሚሊሜትር በቀጠነ ንጣፍ፣ ተንሸራትቶ ይወርዳል። ሙቀቱ የሚያቋርጠው ይህን ቀጭን ንጣፍ ብቻ ስለሆነ በጥቂት ዲግሪ ልዩነት ብዙ ሙቀት ያልፋል። ንጣፉ ግን ለስላሳ ሆኖ አይዘልቅም። ከመነሻው ጥቂት እንደራቀ መሞገድ ይጀምራል፤ ሞገዱም የሙቀቱን ጉዞ ይለውጠዋል።

ይህ መመሪያ ያንን ለውጥ በቁጥር ማየት ለሚፈልግ የምህንድስና ተማሪ፣ የቤተ ሙከራ ቴክኒሻን ወይም መምህር ነው። የምንሠራው 150 ሚሜ ስፋትና 600 ሚሜ ርዝመት ያለው፣ ዘንበሉ የሚቀያየር ሰሌዳ ነው። አንድ ነገር ከወዲሁ እንናገር፦ በዚህ ሙከራ «ሞገዱ ዝውውሩን አሳደገው» ተብሎ የሚጻፈው ውጤት ብዙ ጊዜ የሞገድ ሥራ አይደለም። እኩል ያልተከፋፈለ ውሃ፣ ያልተመሳከረ ቴርሞካፕል (የሙቀት መጠን የሚለካ ባለ ሁለት ብረት ሽቦ) ወይም በደንብ ያልታጠበ ሳሙና ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ውሃውን እናስተካክላለን፣ ቀጥሎ ውፍረቱን እንለካለን፣ ከዚያ ሞገዱን እናያለን፤ ሙቀት የመጨረሻው ነው።

ከመግዛታችሁ በፊት ትንሽ ስሌት

ሁሉም ነገር ከአንድ ቁጥር ይነሳል፦ በሰከንድ የሚወርደው ውሃ በኪሎ ግራም፣ ለሰሌዳው ስፋት በሜትር ተካፍሎ። የስፋት ፍሰት እንበለው። የሬይኖልድስ ቁጥር (የፍሰቱን ጉልበት ከዝልግልግነቱ ጋር የሚያነጻጽር ቁጥር) ማለት ይህን በ4 አባዝቶ ለውሃው ዝልግልግነት (ለመፍሰስ ለሚያሳየው ተቃውሞ) ማካፈል ነው። አንዳንድ መጻሕፍት በ4 አያባዙም፤ የሌላ ሰው ውጤት ከራሳችሁ ጋር ስታወዳድሩ መጀመሪያ ይህን አጣሩ።

የንጣፉን ውፍረት ለመገመት ጀርመናዊው መሐንዲስ ኑሰልት እ.ኤ.አ. በ1916 ያወጣው ቀመር እስካሁን ያገለግላል፦

ውፍረት = ኩብ ሩት [3 × ዝልግልግነት × የስፋት ፍሰት ÷ (እፍጋት × እፍጋት × 9.8 × ሳይን)]

ሳይኑ ሰሌዳው ከአግድሙ ያዘነበለበት ማዕዘን ሳይን ነው። ቀመሩ ሞገድ የሌለበትን ንጣፍ ያስባል፤ ለእኛ ደግሞ የምንነሳበት መስፈርት ነው። 25 ዲግሪ ሴልሺየስ ለሆነ ውሃ (ዝልግልግነቱ 0.89 ሚሊፓስካል ሰከንድ)፣ ሰሌዳው 15 ዲግሪ ሲያዘነብልና ስፋቱ 150 ሚሜ ሲሆን የሚከተለውን ይሰጣል፦

ሬይኖልድስ 100፦ ፍሰት 0.20 ሊትር በደቂቃ፣ ውፍረት 0.29 ሚሜ፣ አማካይ ፍጥነት 0.08 ሜትር በሰከንድ
ሬይኖልድስ 200፦ ፍሰት 0.40 ሊትር በደቂቃ፣ ውፍረት 0.36 ሚሜ፣ ፍጥነት 0.12
ሬይኖልድስ 400፦ ፍሰት 0.80 ሊትር በደቂቃ፣ ውፍረት 0.45 ሚሜ፣ ፍጥነት 0.20
ሬይኖልድስ 800፦ ፍሰት 1.6 ሊትር በደቂቃ፣ ውፍረት 0.57 ሚሜ፣ ፍጥነት 0.31

ሰሌዳውን ቀጥ አድርጋችሁ ብታቆሙት የሬይኖልድስ 400 ንጣፍ ወደ 0.29 ሚሜ ይቀጥናል፣ ፍጥነቱም ወደ 0.31 ሜትር በሰከንድ ያድጋል። በ15 ዲግሪ መጀመር የሚሻለው ለዚህ ነው፦ ንጣፉ ወፍራም፣ ሞገዱ ዝግተኛ ይሆናል፣ ሁለቱም ለመለካት ይቀላሉ።

ውፍረቱ የፍሰቱ ኩብ ሩት መሆኑ በጎም ክፉም አለው። ፍሰቱ 10 በመቶ ቢዛነፍ ውፍረቱ የሚዛነፈው 3 በመቶ ብቻ ነው። በሌላ በኩል ግን የተለካው ውፍረት ከስሌቱ ጋር ስለገጠመ ብቻ ፍሰቱ ትክክል ነው ማለት አትችሉም።

ሰሌዳው

ከላይ ወደ ታች ሦስት ክፍል አለው፦ ሞገዱ የሚያድግበት 300 ሚሜ የማይሞቅ ክፍል፣ 200 ሚሜ የሚሞቅ ክፍል፣ 100 ሚሜ መውጫ። የማይሞቁት ክፍሎች ከ10 ሚሜ ፕሌክሲግላስ (መስታወት መሰል ፕላስቲክ) ይሠራሉ። የሚሞቀው 6 ሚሜ ውፍረት ያለው አሉሚኒየም ነው። አኖዳይዝ የተደረገ (ገጹ በኦክሳይድ የተሸፈነ) አትግዙ፤ ያ ሽፋን ኤሌክትሪክ ስለማያስተላልፍ በኋላ ውፍረት የምንለካበትን መርፌ ያሳውራል።

አሉሚኒየሙን የመረጥነው ርካሽ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ቴርሞካፕሉ የሚቀመጠው ከውሃው ገጽ 1.5 ሚሜ በታች ነው። በስኩዌር ሜትር 15,000 ዋት ሲያልፍ አሉሚኒየም በዚያ 1.5 ሚሜ ውስጥ የሚያሳየው ልዩነት 0.13 ዲግሪ ገደማ ነው። በዝገት አልባ ብረት ቢሆን ልዩነቱ 1.4 ዲግሪ ይደርስ ነበር፤ የምንለካው ጠቅላላ ልዩነት ራሱ 5 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ከሩብ በላይ የሚሆነው እርማት ብቻ ይሆናል ማለት ነው።

ከባዱ ሥራ መጋጠሚያው ነው። ፕሌክሲግላሱና አሉሚኒየሙ በሚገናኙበት መስመር ላይ 0.1 ሚሜ ደረጃ ቢኖር የንጣፉ ሩብ ያህል ነው፤ እዚያው ቋሚ ሞገድ ይቆማል፣ ፍሰቱ ዝቅ ሲል ደግሞ ንጣፉ እዚያ ይሰነጠቃል። ሦስቱን ክፍሎች ከጀርባ በአንድ ጠንካራ ክፈፍ ላይ ካሰራችሁ በኋላ መጋጠሚያውን በኢፖክሲ ሙሉት፣ ሲደርቅም ጠፍጣፋ ጣውላ ላይ በተጠቀለለ 400 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ሁሉንም አንድ ላይ ፈግፍጉ። ጥፍራችሁን ስታሻግሩበት ምንም ካልተሰማችሁ ይበቃል። ሲሊኮን ለዚህ ቦታ አይሆንም፤ ለስላሳ ስለሆነ በብርጭቆ ወረቀት አይስተካከልም፣ ውሃም ይሸሸዋል።

በሁለቱ ጎን 15 ሚሜ ከፍታ ያለው የፕሌክሲግላስ ጠርዝ ለጥፉ። ውሃው ጠርዙ ላይ ስለሚወጣ እዚያ አካባቢ ፍሰቱም ሞገዱም የተለየ ነው፤ ማንኛውም ልኬት ከመካከለኛው 100 ሚሜ ብቻ ይወሰድ።

የቴርሞካፕል ቀዳዳዎችን ከአሉሚኒየሙ ጀርባ በ2 ሚሜ መሰርሰሪያ አውጡ፦ ከሚሞቀው ክፍል መነሻ 30፣ 60፣ 90፣ 120፣ 150 እና 180 ሚሜ ላይ፣ ሁሉም በመካከለኛው መስመር። ጥልቀታቸው 4.5 ሚሜ ይሁን። ይህን በእጅ መሰርሰሪያ አትሞክሩ፤ ሚሊንግ ማሽን ያለው ቶርኖ ቤት ያሠራችሁ። ከእያንዳንዱ ቀዳዳ ወደ ጎን 2 ሚሜ ጥልቀት ያለው ቦይ ወጥቶ ሽቦው በእሱ ይውጣ። ቴርሞካፕሎቹን መጀመሪያ አመሳክሩ («አሁን ሙቀት» የሚለውን ክፍል ተመልከቱ)፣ ከዚያ ጫፉን በሙቀት አስተላላፊ ኢፖክሲ ሙሉት፤ በውስጡ አየር ከቀረ ቴርሞካፕሉ የሚያነበው ብረቱን ሳይሆን ከኋላው ያለውን ማሞቂያ ይሆናል።

ማሞቂያው 150 በ200 ሚሜ የሆነ የሲሊኮን ላስቲክ ማሞቂያ ነው፣ 220 ቮልት፣ 450 ዋት። በመለኪያ ስታዩት ወደ 108 ኦም ማሳየት አለበት። ከአሉሚኒየሙ ጀርባ በሙቀት አስተላላፊ ቅባት አስቀምጡት፣ ከኋላው ጠፍጣፋ ሰሌዳ አድርጋችሁ በብሎን አጥብቁት፣ ከዚያ በላይ 50 ሚሜ የመስታወት ሱፍ አልብሱት።

ስለ ኤሌክትሪኩ ቀልድ የለም፤ ውሃና 220 ቮልት በ6 ሚሜ ብረት ተለያይተው ነው ያሉት። አሉሚኒየሙ ከመሬት ሽቦ ጋር ይታሰር፣ መስመሩም በ30 ሚሊአምፔር ፍሳሽ የሚቆርጥ መከላከያ ይኑረው። ብረቱ 70 ዲግሪ ሲደርስ የሚያጠፋ ቴርሞስታት ጨምሩ፤ ምክንያቱን መጨረሻ ላይ ታገኙታላችሁ።

ውሃው የሚመጣበት መንገድ

ፓምፑን በቀጥታ ከሰሌዳው ጋር አታገናኙ። የማንኛውም ፓምፕ ንዝረት ወደ ንጣፉ ይደርሳል፣ እናንተም የፓምፑን ሞገድ የተፈጥሮ ሞገድ ነው ብላችሁ ትመዘግባላችሁ። ፓምፑ ከሰሌዳው አናት 1 ሜትር ከፍ ብሎ የተቀመጠ ባልዲ ይሙላ። ባልዲው የተረፈውን የሚመልስ የጎን ቧንቧ ስላለው የውሃው ከፍታ አይለወጥም፤ ከታቹ በቫልቭ እየተመጠነ ወደ ሰሌዳው ይወርዳል።

አንዱን 20 ሊትር ውሃ መልሶ መላልሶ ማዞር ቀላል ይመስላል፤ ግን 450 ዋት ያንን ውሃ በየደቂቃው 0.3 ዲግሪ ያሞቀዋል፣ የተረጋጋ ንባብ አታገኙም። 100 ሊትር በርሜል ሙሉና አንዴ አሳልፋችሁ በሌላ በርሜል ተቀበሉት። በደቂቃ 0.8 ሊትር ከሁለት ሰዓት በላይ ያሠራችኋል። ውሃውን ቀድማችሁ አፍልታችሁ ማቀዝቀዝ ይጠቅማል፦ የሟሟው አየር ይወጣለታል፣ አለዚያ በሞቀው ብረት ላይ ትናንሽ አረፋዎች ተጣብቀው ንጣፉን ይቦጫጭቁታል።

ከባልዲው የወረደው ውሃ 150 ሚሜ ስፋትና 80 ሚሜ ጥልቀት ባለው ገንዳ ይገባል። የገንዳው ግማሽ በስፖንጅ ወይም በጠጠር ይሞላ፤ ውሃው በእሱ ተጣርቶ ጸጥ ካለ በኋላ ክብ በሆነ ከንፈር ላይ ፈሶ ወደ ሰሌዳው ይውረድ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ከንፈር ላይ ነው። በሬይኖልድስ 400 ውሃው ከንፈሩን የሚሻገረው 1.4 ሚሜ ገደማ ከፍ ብሎ ብቻ ነው። የሚፈሰው መጠን ከከፍታው 1.5 እርከን (ፓወር) ጋር ስለሚያድግ ከንፈሩ በአንድ ጎን 0.1 ሚሜ ዝቅ ቢል በዚያ በኩል 11 በመቶ ተጨማሪ ውሃ ይወርዳል። ተራ የግንበኛ ውሃ ልክ ይህን አያሳይም። ስለዚህ ውሃ ልኩ ለመነሻ ብቻ ያገልግል፤ እውነተኛው ፈተና ከታች ነው። በመውጫው ላይ እኩል 50 ሚሜ የሆኑ ሦስት መቀበያዎች አስቀምጡ፣ ለ60 ሰከንድ ተቀበሉ፣ በሚዛን መዝኑ። ሦስቱ በ3 በመቶ ውስጥ እስኪገጥሙ ድረስ የገንዳውን ማስተካከያ ብሎን በሩብ ዙር በሩብ ዙር አንቀሳቅሱ። የጎን መቀበያዎች በጠርዙ ምክንያት ትንሽ ሊለዩ ይችላሉ፤ ግራና ቀኝ እርስ በርስ መግጠማቸው ይበልጣል። ትዕግሥት የሚፈትን ሥራ ነው፣ ግን ሌላ መንገድ የለውም።

ጠቅላላ ፍሰቱንም በዚሁ መንገድ፣ በሚዛንና በሰዓት ለኩ። ርካሽ የፍሰት መለኪያ በደቂቃ ከ1 ሊትር በታች ሲሆን አይታመንም።

ማጠብና ማርጠብ

ሰሌዳውን በሙቅ ውሃና በፈሳሽ ሳሙና አጥባችሁ ቅባቱን አስወግዱ። ከዚያ ሳሙናውን በብዙ ውሃ አስለቅቁት፤ ቢያንስ 20 ሊትር ይፍሰስበት። ከዚያ በኋላ ባዶ እጅ አይንካው። የጥቂት ሳሙና ቅሪት የውሃውን የገጽ ውጥረት ከመቀነስ አልፎ የንጣፉን ገጽ «ያጠነክረዋል»፦ ሞገዱ ሲለጥጠው ሳሙናው የሳሳበት ቦታ መልሶ ይስባል፣ ሞገዱም ይከስማል። ትናንት ጥሩ ሞገድ የነበረው ሰሌዳ ዛሬ ለስላሳ ከሆነ ፓምፑን ሳይሆን የታጠበበትን መንገድ ጠርጥሩ።

ሲጀመር ቫልቩን ወደ 2 ሊትር በደቂቃ ክፈቱ፣ ውሃው ያልነካው ቦታ ካለ በንጹሕ ለስላሳ ብሩሽ ጎትቱት። ሙሉ በሙሉ ከረጠበ በኋላ ፍሰቱን ወደምትፈልጉት ዝቅ አድርጉ። ከዝቅተኛ ፍሰት ወደ ላይ መሄድ አይሠራም፤ አንዴ የረጠበ ሰሌዳ ንጣፉን በሚይዝበት ፍሰት ደረቁ ሰሌዳ ውሃውን በጅረት በጅረት ይከፋፍለዋል።

ውፍረቱን በመርፌ መለካት

0.01 ሚሜ የሚያነብ ማይክሮሜትር ጫፍ ላይ የልብስ ስፌት መርፌ አስሩ፣ ከሰሌዳው ጋር ቀጥ ባለ ማዕዘን፣ ከአሉሚኒየሙ በላይ ይቁም። በመርፌውና በ5 ቮልት መካከል 1 ሜጋኦም ሬዚስተር አድርጉ፤ አሉሚኒየሙ ደግሞ የወረዳው መሬት ነው። መርፌው ውሃ ሲነካ ቮልቴጁ ይወድቃል። ይህን በአርዱይኖ (በፕሮግራም የሚሠራ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ) በሰከንድ 1,000 ጊዜ መዝግቡ። ተራ የቧንቧ ውሃ ለዚህ በቂ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ የተጣራ ውሃ ግን ምልክቱን ሊያደክመው ይችላል። በዚህ ሰዓት ማሞቂያው ከሶኬቱ ይነቀል።

ዜሮውን በደረቅ ብረት ላይ ያዙ፦ መርፌው ብረቱን ልክ ሲነካ። ከዚያ ውሃውን ለቃችሁ መርፌውን ከላይ ወደ ታች በ0.02 ሚሜ እየቀነሳችሁ በእያንዳንዱ ከፍታ 20 ሰከንድ መዝግቡ። አልፎ አልፎ መንካት የሚጀምርበት ከፍታ የሞገዱ ጫፍ ነው። ጨርሶ የማይለቅበት ከፍታ በሞገዶቹ መካከል ያለው ቀጭኑ ንጣፍ ነው። ግማሹን ጊዜ የሚነካበት መካከለኛው ውፍረት ነው። ሁልጊዜ እየወረዳችሁ ለኩ፤ መርፌው ወደ ላይ ሲሄድ ውሃው ተጣብቆበት ስለሚከተለው ከእውነተኛው የወፈረ ንባብ ይሰጣል። ሞገዱ ትልቅ ሲሆን ይኸው መጣበቅ በየሞገዱ ኋላም ስለሚመጣ መካከለኛውን ውፍረት ትንሽ ያጎላዋል፤ የመርፌው ጫፍ በሾለ ቁጥር ስህተቱ ይቀንሳል።

የምታገኙት መካከለኛ ውፍረት ከኑሰልት ስሌት ትንሽ ቢያንስ አትደንግጡ። ሩሲያዊው የፊዚክስ ሊቅ ፒዮትር ካፒትሳ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጨረሻ ባወጣው ስሌት ሞገድ ያለበት ንጣፍ በአማካይ ከለስላሳው 7 በመቶ ያህል ይቀጥናል። ብዙው ውሃ በሞገዱ ጉብታ ተጭኖ ስለሚሄድ በመካከሉ የሚቀረው ንጣፍ ይሳሳል።

ሞገዱን ማየትና መቆጣጠር

ቀጥ ባለ ግድግዳ ላይ የሚወርድ ንጣፍ ፍሰቱ ምንም ያህል ቢያንስ ለሞገድ የተጋለጠ ነው። ዘንበል ባለ ሰሌዳ ላይ ግን ዝቅተኛ ገደብ አለው፤ ተመራማሪዎቹ ቤንጃሚን እ.ኤ.አ. በ1957፣ ዪህ በ1963 እንዳሳዩት የእኛ የሬይኖልድስ ቁጥር የዘንበሉ ኮታንጀንት በ10/3 ተባዝቶ ከሚሰጠው በላይ ሲሆን ረጃጅም ሞገዶች ማደግ ይጀምራሉ። ለ15 ዲግሪ ይህ 12.4 ነው። የምንሠራባቸው ፍሰቶች ሁሉ ከዚያ በላይ ናቸው። ያም ሆኖ ማደግ ርቀት ይፈልጋል፤ ለዚህ ነው ከመነሻው አጠገብ ንጣፉ ለስላሳ የሚመስለው፣ ለዚህም ነው 300 ሚሜ የተውንለት።

በራሱ የሚመጣው ሞገድ ድግግሞሹ የተዘበራረቀ ስለሆነ ለማወዳደር አይመችም። አንድ ድግግሞሽ አስገድዱት። በስልክ የድምፅ መተግበሪያና በድምፅ ማጉያ ይህን ለማድረግ የሚሞክሩ አሉ፤ ከ20 ኸርዝ በታች የስልኩ መውጫም ማጉያውም ስለሚደክሙ ጊዜ ማጥፋት ነው። ይልቅ 12 ቮልት የሆነ ማርሽ ያለው ትንሽ ሞተር ግዙ፣ ዘንጉ ላይ በ1 ሚሜ ከመሐል የወጣ ክብ አስሩ፣ እሱም ገንዳው ውስጥ ከከንፈሩ ኋላ የተነከረ ቀጭን ሳህን ከፍ ዝቅ ያድርግ። በደቂቃ 300 ዙር ማለት 5 ኸርዝ ነው። ሞተሩ ከገንዳው ጋር ሳይሆን ከሌላ ማቆሚያ ጋር ይታሰር። ሳህኑ የገንዳውን ሙሉ ስፋት መሸፈን አለበት፤ አለዚያ ሞገዱ ጠማማ ሆኖ ይወርዳል።

ለቀረጻ በሰከንድ 240 ምስል የሚያነሳ ስልክ ይበቃል። ሰሌዳው ጎን ላይ በ100 ሚሜ ርቀት ሁለት መስመር አስምሩ፣ ብርሃኑን ከጎን በጣም ዝቅ አድርጋችሁ ስጡት፤ የሞገዱ ፊት ያኔ ጥቁርና ነጭ መስመር ሆኖ ይታያል። ብርሃኑ በባትሪ የሚሠራ ኤልኢዲ ይሁን፤ ከ50 ኸርዝ መስመር የሚበራ መብራት በሰከንድ 100 ጊዜ ስለሚርገበገብ ምስሉን ያዥጎረጉረዋል። ስልኩ የሚለው 240 እውነት መሆኑን ደግሞ የሚሮጥ ሰዓት ቀርጻችሁ አረጋግጡ። በሰከንድ 0.5 ሜትር የሚሄድ ሞገድ 100 ሚሜውን በ48 ምስል ይጨርሳል፤ በአንድ ምስል ብትሳሳቱ ስህተቱ 2 በመቶ ነው።

የንጣፉ ገጽ የሚሄደው በአማካዩ ፍጥነት 1.5 እጥፍ ነው፤ ትናንሽና በጣም ረጃጅም ሞገዶች ደግሞ፣ ፍሰቱ ዝቅተኛ ሲሆን፣ በአማካዩ 3 እጥፍ ይሄዳሉ። ፍሰቱ ሲያድግ ሞገዱ ከ3 እጥፍ በታች ይወርዳል። የለካችሁት ከ1.5 ካነሰ ሞገድ ሳይሆን የተንሳፈፈ አረፋ ወይም ቆሻሻ ተከትላችኋል ማለት ነው።

ከ10 ኸርዝ በላይ በሆነ ድግግሞሽ ሞገዱ ዝቅ ያለና ለስላሳ ቅርጽ ይይዛል። ወደ 3 ወይም 4 ኸርዝ ስታወርዱት መልኩ ይለወጣል፦ እርስ በርስ የተራራቁ ትልልቅ ጉብታዎች፣ እያንዳንዱም ከፊቱ ደቃቅ ሽብሽቦች እየነዳ፣ ከኋላው ረጅም ለስላሳ ጀርባ ጥሎ። ትልቁ ከትንሹ ስለሚፈጥን ይደርስበትና ይውጠዋል፤ ስለዚህ ወደ ታች በወረዳችሁ ቁጥር የሞገዱ ቁጥር ይቀንሳል። ከሬይኖልድስ 400 በላይ ደግሞ ቀጥ ብሎ የነበረው ግንባር መጉበጥና መሰባበር ይጀምራል። ለሙቀት ልኬት ሞገዱ እስከ ታች ቀጥ ብሎ የሚዘልቅበትን ድግግሞሽና ፍሰት ፈልጋችሁ መዝግቡ።

አሁን ሙቀት

መጀመሪያ ቴርሞካፕሎቹን አመሳክሩ። ከሰሌዳው ጋር ከመለጠፋቸው በፊት ስድስቱንም፣ ከመግቢያውና ከመውጫው ሁለት ጋር፣ በአንድ ጥቅል አስራችሁ በደንብ በሚማሰል ባልዲ ውስጥ በ20፣ 25፣ 30 እና 35 ዲግሪ አንብቡ። የምንፈልገው በመካከላቸው ያለውን ልዩነት ነውና የእያንዳንዱን እርማት ጻፉ፤ በ0.1 ዲግሪ ውስጥ እንዲገጥሙ ማድረግ ይቻላል። ተራ ኬ ዓይነት ቴርሞካፕል ሳይታረም 1.5 ዲግሪ ሊዛነፍ ይችላል፣ ይህም የምንለካውን ልዩነት ሩብ ይበላል። ቋሚ ነጥብ ከፈለጋችሁ የተፈጨ በረዶና ውሃ ተጠቀሙ። የፈላ ውሃን 100 ዲግሪ ነው ብላችሁ አትያዙ፤ አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው።

ንጣፉ ሙሉ መሆኑን አይታችሁ ማሞቂያውን በቫሪያክ (ቮልት የሚቀያይር ትራንስፎርመር) ቀስ በቀስ ወደ 220 ቮልት አሳድጉ። ብረቱ ራሱ በሰከንዶች ውስጥ ይረጋጋል፤ መከለያው ግን ይዘገያል፣ 15 ደቂቃ ጠብቁ። ኃይሉን ከማሞቂያው ጽሑፍ አትውሰዱ። ቮልቱንና አምፔሩን በዚያው ሰዓት ለኩ፤ ቮልቱ 5 በመቶ ሲወርድ ኃይሉ 10 በመቶ ገደማ ይወርዳል፣ የእኛ መስመር ደግሞ ቮልት ሲያወላውል አዲስ ነገር አይደለም።

ቀጥሎ የሙቀት ሒሳቡን ዝጉ። ውሃው የተቀበለው ሙቀት ማለት ፍሰቱ በሰከንድ፣ በ4,180፣ በመግቢያና መውጫ ልዩነት ተባዝቶ ነው። የመውጫውን ቴርሞካፕል ከሰሌዳው ላይ ሳይሆን ውሃው ተሰብስቦ በሚደባለቅበት ኩባያ ውስጥ አድርጉት። ሒሳቡ ከኤሌክትሪኩ ጋር በ5 በመቶ ውስጥ ካልገጠመ አትቀጥሉ። ከገጹ የሚተነው ውሃ የሚወስደው በዚህ የሙቀት መጠን በስኩዌር ሜትር ጥቂት መቶ ዋት ነው፣ ከምናስገባው 15,000 ጋር ሲነጻጸር ከ1 እስከ 2 በመቶ፤ በአቅራቢያ ማራገቢያ ካለ ግን ይበልጣል፣ አጥፉት።

አንድ ስሌት እንሥራ። ፍሰቱ 0.80 ሊትር በደቂቃ (0.01335 ኪሎ ግራም በሰከንድ)፣ መግቢያው 21 ዲግሪ፣ ውሃው የተቀበለው 440 ዋት ነው እንበል። በስኩዌር ሜትር 14,670 ዋት ማለት ነው። ከሚሞቀው ክፍል መነሻ 150 ሚሜ ላይ ውሃው የ440 ዋቱን ሦስት ሩብ ወስዷልና አማካይ የሙቀት መጠኑ 26.9 ዲግሪ ነው። በዚያ ቦታ ቴርሞካፕሉ ከእርማት በኋላ 31.5 ቢያነብ የጥልቀቱን 0.13 ቀንሳችሁ የብረቱ ገጽ 31.37 ይሆናል። ልዩነቱ 4.46 ነው። 14,670 ለ4.46 ሲካፈል 3,290 ዋት በስኩዌር ሜትር በዲግሪ ይሰጣል፤ የሙቀት ዝውውር መጠናችሁ ይህ ነው።

ሞገድ ባይኖርስ? እኩል ሙቀት ለሚቀበል ለስላሳ ንጣፍ የሙቀት ዝውውር መጠኑ 2.06 በውሃው ሙቀት የማስተላለፍ አቅም ተባዝቶ ለውፍረቱ ሲካፈል የሚገኘው ነው። በ27 ዲግሪ አቅሙ 0.61፣ ውፍረቱ 0.448 ሚሜ ስለሆነ ወደ 2,800 ይመጣል። የለካችሁት ከዚያ በ17 በመቶ ይበልጣል። የቴርሞካፕሎቹ ስህተት 3 በመቶ ገደማ ስለሆነ ይህ ልዩነት እውነተኛ ነው። በዝልግልግነቱ ላይ ተጠንቀቁ፤ ከ20 ወደ 30 ዲግሪ ሲሄድ ከ1.00 ወደ 0.80 ሚሊፓስካል ሰከንድ ይወርዳል፣ ስለዚህ በየቦታው የውሃውን የሙቀት መጠን ተከትላችሁ ውሰዱት።

የመጀመሪያውን 30 ሚሜ ንባብ ከዚህ ጋር አታወዳድሩት። ሙቀቱ ንጣፉን ገና ስላላዳረሰው እዚያ ዝውውሩ ያለ ሞገድም ከፍ ያለ ነው፤ በዚህ ፍሰት 50 ሚሜ ያህል ያስፈልገዋል። የ60ውም ገና ድንበሩ ላይ ነው፣ በ90 ጀምሩ።

ከሁሉ የሚያሳምነው ንጽጽር ግን ከስሌት ጋር የሚደረገው አይደለም። ፍሰቱንና ኃይሉን ሳትነኩ ሞተሩን አጥፍታችሁ አንብቡ፣ በ4 ኸርዝ አንብቡ፣ በ10 ኸርዝ አንብቡ፣ እንደገና አጥፍታችሁ አንብቡ። የመጀመሪያውና የመጨረሻው ካልገጠሙ በመካከል የተለወጠ ነገር አለ፤ ብዙ ጊዜ የመግቢያው ውሃ ነው። ሞተሩ ሲጠፋ የተፈጥሮ ሞገድ እንደሚኖር ደግሞ አትርሱ፤ የምታወዳድሩት ሥርዓት የያዘውን ሞገድ ከተዘበራረቀው ጋር እንጂ ሞገድን ከምንም ጋር አይደለም።

ንጣፉ ሲቀደድ

ውሃ ሲሞቅ የገጽ ውጥረቱ በየዲግሪው 0.15 ሚሊኒውተን በሜትር ገደማ ይቀንሳል። ንጣፉ በአንድ ቦታ ከሳሳ እዚያ ይበልጥ ይሞቃል፣ ውጥረቱ ይቀንሳል፣ ዙሪያው ያለው ቀዝቃዛ ገጽ ውሃውን ከዚያ ይጎትታል፣ ቦታው የባሰ ይሳሳል። በዝቅተኛ ፍሰትና በከፍተኛ ኃይል መጀመሪያ ቁመታቸውን ይዘው የሚወርዱ ወፍራምና ቀጭን መስመሮች ይታያሉ፣ ቀጥሎ ደረቅ ነጠብ ይፈጠራል። ያ ነጠብ በራሱ አይዘጋም። ማሞቂያው ግን ያንኑ ኃይል መስጠቱን ይቀጥላል፤ የ70 ዲግሪው ቴርሞስታት ለዚህ ነው።

ነጠብ ስታዩ ኃይሉን አጥፉ፣ ፍሰቱን ወደ 2 ሊትር አሳድጉ፣ በብሩሽ አርጥቡት፣ ከዚያ ከቀድሞው በተሻለ ፍሰት ጀምሩ። ሁልጊዜ በአንድ ቦታ የሚደጋገም ከሆነ ቦታው ላይ ቅባት ወይም የኖራ ቅሪት አለ፦ ኖራውን በሎሚ ወይም በተበረዘ አቼቶ አስለቅቁ፣ እንደገና በ400 ቁጥር ፈግፍጉ፣ ማጠቡንም ከመጀመሪያው ድገሙ። ከመጋጠሚያው የሚነሳ ከሆነ ደግሞ ኢፖክሲው ተነስቷል።

ስትጨርሱ መጀመሪያ ማሞቂያው ይጠፋል። ውሃው ቢያንስ 5 ደቂቃ እየወረደ ይቆይ፣ ስድስቱም ቴርሞካፕሎች ከመግቢያው ጋር ሲገጥሙ ፓምፑን አጥፉ። በዚያ ሰዓት የሚታየውን ልዩነት መዝግቡት፤ ለቀጣዩ ቀን የዜሮ ማረጋገጫችሁ ነው።